ምዕራፍ ሰባት፦ ብቅሉ በዝቶ ጌሾው ያነሰ

ሰቆጣ ከተማ ጠላ ቤት አጥቶ የተቸገረ ሰው አላውቅም። በር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ካያችሁ ጎንበስ ብሎ መግባት ነው። በኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኔም እንዲህ ባለ በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ልዩነቱ በቦርሳዬ ግማሽ ሊትር የውጭ አገር ቢራ መያዜ ነው። ጠላ ቤት ቢራ ይዞ መግባት ሰርግ ቤት እንጀራ ቋጥሮ እንደ መሄድ ነውና ገና ሳልቀመጥ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቆርቆሮው አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ በደሴና በወልዲያ አድርጎ፣ ላስታን አቋርጦ፣ ከእኔ ጋር በአውቶቡስ ሲንገላታ የመጣ ነው። ጎኑ ላይ የአልኮል መጠኑ 9 በመቶ እንደሆነ በትልቁ ተጽፏል። የቢራውን ስም አልጠራም፤ ከምነቅፈው ነገር ውስጥ ስንቱ የጠማቂው፣ ስንቱ የመንገዱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ነው።

ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው የቤቱ እመቤት ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ቢራ ነው እማማ። ኃይለኛ ነው ይላሉ። እርስዎ እንዲቀምሱልኝ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«እኔ የፋብሪካ ነገር ምን አውቄ! ጠላ ከሆነ እሺ።»

«እሱም እኮ ጠላ ነው፤ የፈረንጅ።»

ሳቁ። ግን ቀልድ አልነበረም። መቅመስ ምላስ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይፈልጋል፤ አፋችን ያገኘውን ነገር ስም ካላወጣንለት ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ይጠፋል። የአውሮፓና የአሜሪካ ቀማሾች ቃላቸውን የሚያመጡት ከራሳቸው ጓዳ ነው፦ ብስኩት፣ ካራሜል፣ የደረቀ ሣር፣ አረንጓዴ ፖም። ፖም ለብርቅ በሚታይበት አገር ይህን ቃል ተውሶ ቢራ ላይ መለጠፍ ለማንም አይጠቅምም። እኛ ደግሞ የጠላ ጠማቂ ቃላት አሉን። ከረረ፣ ኮመጠጠ፣ ጎሸ፣ ጠራ፣ ቀጠነ፣ ጌሾ በዛበት፣ ጭስ በዛበት። እነዚህ እያንዳንዳቸው በጋኑ ውስጥ የሆነን አንድ ነገር የሚናገሩ የባለሙያ ቃላት ናቸው። ጠንካራ ላገር መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ከጠላ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው፤ የዚያን ቀንም ያንኑ ልፈትን ነው የሄድኩት።

ከመክፈታችን በፊት ስለ ቆርቆሮው ይዘት ትንሽ እናውራ።

ላገር ከጀርመንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ማከማቸት፣ ማስቀመጥ ማለት ነው። የባቫርያ ጠማቂዎች ቢራቸውን በብርዱ ወራት ጠምቀው፣ በረዶ በሞሉት ጓዳና ዋሻ ለብዙ ጊዜ ያስቀምጡት ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ የሚሠራው እርሾ ዝግ ያለ ነው። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ሳይቸኩል ያፈላል፤ ሲጨርስም ከግርጌ ይዘቅጣል። በ1883 እ.ኤ.አ. ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለ ሳይንቲስት ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይህን እርሾ ከሌላው ለይቶ ለብቻው ማባዛት ቻለ። ዛሬ በዓለም የሚጠጣው አብዛኛው ቢራ ከዚያ ዓይነት ንጹሕ ዘር የሚወጣ ነው። የኋላ ኋላ ደግሞ እርሾው ድቅል መሆኑ ታወቀ። አንደኛው ወላጁ ዳቦ የሚያቦካው፣ የእማማንም ጠላ የሚያፈላው የታወቀው እርሾ ነው። ሌላኛው ወላጅ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ደቡብ አሜሪካ፣ ፓታጎንያ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተገኘ።

በጠላ ዘንድ ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር የለም። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል። ከእርሾው ጋር ደግሞ እንደ እርጎ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች አብረው ይገባሉ። ጋኑን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን ለሽታ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ከእነዚህ እንግዶች ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚወጣ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ጠላ ጥቂት ቀን ሲያድር የሚኮመጥጠው፣ ላገር ግን ወራት ተቀምጦ የማይኮመጥጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥንካሬው። እማማ ሲጠምቁ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ብቅሉና የተቆላው እህል ሲገባበት ይወፍርና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ላይ ውኃ ተሞልቶ ሲጠራ ጠላው ይቀዳል። መጀመሪያ የሚቀዳው ብርቱው ነው። በቀረው ላይ ሁለተኛ ውኃ ተደርጎ የሚወጣው ቅራሪ ይባላል፤ በልማድ ለልጅም ይሰጣል። እንግዲህ በቅራሪና በመጀመሪያው ጠላ መካከል ያለው ልዩነት የጥንካሬ ጉዳይ ሁሉ ማለት ነው፦ ለስንት እህል ስንት ውኃ?

ጠንካራ ላገርም ውኃ የተቆጠበበት ድፍድፍ ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው ተራ ቢራ እርሾ ከመግባቱ በፊት በእያንዳንዱ 100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 12 ግራም ያህል የሟሟ ነገር፣ በአብዛኛው የብቅል ስኳር፣ ይኖረዋል። 9 በመቶ ለሚሆነው ግን ወደ 20 ግራም መድረስ አለበት። ይህን በእህል ሳሰላው፣ ሁሉም ከብቅል የመጣ ቢሆን፣ በእጄ የያዝኩት ግማሽ ሊትር ቆርቆሮ በግምት 150 ግራም ብቅል በልቷል። ወጪ ለመቆጠብ ከብቅሉ ከፊሉን በስኳር ወይም በበቆሎ ሽሮፕ የሚተኩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ያኔ አልኮሉ ይመጣል፣ ጣዕሙ ግን ይሳሳል።

እርሾውም ቢሆን ፍጡር ነው፤ ይደክማል። አልኮሉ እየጨመረ ሲሄድ ራሱ በሠራው ነገር ይመረዛል። ሲጨናነቅ ደግሞ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ፣ ሲብስበትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚያስታውስ ሽታ ያወጣል። ጉሮሮ የሚያሞቁ ከባድ አልኮሎችም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሥራውን ሳይፈጽም ይቀመጥና ያልተበላ ስኳር ይተዋል። ስለዚህ ጠንካራ ላገር የቀመሰ ሰው ሁልጊዜ የሚያገኛቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሙቀት፣ ጣፋጭነትና የፍራፍሬ ሽታ። ጥያቄው እነዚህ ተስማምተዋል ወይስ ተጣልተዋል ነው።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ብርቱ ቢራ መጥመቅ የተማሩት ከፈንጠዝያ ብቻ ሳይሆን ከጾምም ነው። ሙኒክ ውስጥ የፓውላነር መነኮሳት በዐቢይ ጾም ምግብ ሲከለከሉ የሚያቆማቸውን ወፍራም፣ ጣፋጭና ኃይለኛ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ጠመቃቸው በ1634 እ.ኤ.አ. በመዝገብ ይገኛል፤ «ሳልቫቶር» የሚባለው ቢራቸውም እስከ ዛሬ አለ፣ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ አልኮልም አለው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠላ ከሥጋም ከወተትም ነጻ ስለሆነ በጾም ወራት በማኅበርና በዝክር ሲቀርብ ቆይቷል። ስዊዘርላንዶች ደግሞ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት የሚጠመቅ «ሳሚክላውስ» የተባለ 14 በመቶ ላገር አወጡ፤ ኋላ ጠመቃው ወደ ኦስትሪያ ተዛወረ። ካርልስበርግም በ1950 እ.ኤ.አ. ዊንስተን ቸርችል ኮፐንሃገንን ሲጎበኙ ለክብራቸው ጠንካራ ላገር ጠምቋል። ከዚያ በኋላ ግን የዚህ ቢራ ስም በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተበላሸ። ርካሽና ቶሎ የሚያሰክር የቆርቆሮ መጠጥ ሆኖ የመንገድ ዳር ሰካራም መታወቂያ ሆነ። ከመነኩሴ ጓዳ ወጥቶ አስፋልት ላይ ወደቀ እንበል።

እኛ አገር ጠንካራ ላገር ሥር አልሰደደም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከጎንደሩ ዳሽን እስከ ደብረ ብርሃኑ ሐበሻ ድረስ የቆሙት ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠምቁት 5 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ላገር ነው። ለሰቆጣ ቅርብ የሆነው የማይጨው ራያ ቢራም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ይመስለኛል። ኃይለኛ የፈለገ ሰው አረቄ አለለት፤ ጣፋጭና ኃይለኛ የፈለገ ጠጅ አለለት። በመካከል ክፍት ቦታ አልነበረም። የውጭውን ለማግኘትም ጊዜው አልረዳም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጦች ነበሩበት፤ ክልከላው የተነሣው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ወደ ጠላ ቤቱ እንመለስ።

የዚያን ቀን መብራት አልነበረም፤ ቢኖርም እማማ ፍሪጅ የላቸውም። ቆርቆሮው ከቦርሳዬ ሲወጣ ለብ ያለ ነበር። እሳቸው ሳይጨነቁ የረጠበ ጨርቅ ጠቅልለውበት ንፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጡት። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ብልሃት ነው። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያ ሙቀት በሙሉ ከቆርቆሮው ቢወሰድ ግማሹን ሊትር ከአንድ ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዘዋል። 10 ግራም ከተነነ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ በስሌት 11 ዲግሪ ቀነሰ ማለት ነው። በተግባር ከዚያ ያነሰ ይሆናል፤ ጨርቁ ከአየሩም ሙቀት ይወስዳልና። ቢሆንም የኅዳር የዋግ ንፋስ ደረቅ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ለእጅ የሚቀዘቅዝ ሆኖ አገኘሁት። ለጠንካራ ላገር ይህ ከበረዶ ይሻላል። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታውም አይነሣም፤ ጥፋትም ካለበት ይደብቃል። ቢራ ሻጮች «በጣም የቀዘቀዘ» ማለት የሚወዱት ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

«በምን እንቅዳው?» አልኩ።

ከመደርደሪያ ብርሌ አወረዱ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው ብርሌ ለጠጅ ነው፤ ግን ምርጫቸው ሞኝነት አልነበረም። የውጭ ቀማሾች ለጠንካራ ቢራ የሚመርጡት ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው፤ ሽታው ሳይበተን አፍንጫ ድረስ እንዲወጣ። ብርሌ ይህን ከማንም በላይ ያደርጋል። ችግሩ እኔ ከፍታውን መርሳቴ ነበር። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ትበልጣለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሊትር ቦታ የሚይዝ ጋዝ እዚህ 1.3 ሊትር ይሆናል። ሆላንድ ወይም ዴንማርክ ጠረፍ ላይ ታሽጎ፣ በአውቶቡስ ተንጦ የመጣ ቆርቆሮ እንዲህ ባለ አየር ሲከፈት የሚያደርገውን አደረገ። አረፋው ከብርሌው አንገት ወጥቶ የእማማን ቀሚስ አረጠበው።

«ኧረ ይኼስ ገና ሳይጠጣ ሰክሯል!» አሉ።

ወደ ብርጭቆ ዞርን። መልኩ እንደ ጠራ ቅቤ ወርቃማ ነው፤ ከተራው ቢራ ትንሽ ይደምቃል። እማማ ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። «ጠርቷል» አሉ፤ ቅሬታ ያለበት ድምፅ ነበር። የእሳቸው ጠላ በደንብ ሲጠራም የራሱ ጥላ አለው። ይህ ግን በማጣሪያ ያለፈ ነው፤ እርሾውም ደለሉም የለም። ከዚያ አሸተቱት፣ ጥቂት ጠጡ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት፣ ዝም አሉ። ሁለተኛ ጠጡ።

«ማር አለው» አሉ በመጨረሻ። «የእኛ ማር ግን አይደለም። የከረመ ማር ነው።»

ከዚህ ቀን ሌላ ምንም ባላገኝ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። በማር አገር ለተወለደ ሰው የማር ነገር አይሸወድም። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ከእነሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። በዚያ ዘመን ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሰው ሁሉ ነበር። ማሩ ግን ከዚሁ ተራራ ነው የሚቆረጠው፤ አዲሱንና የከረመውን ለይቶ ማወቅ እዚህ ሙያ ተብሎ አይቆጠርም።

ቢራ ውስጥ ማር የሚያስመስል ነገር በሁለት በር ይገባል። አንደኛው የብቅል ጣፋጭነት ነው፤ ይህ የተጠበቀ ነው። ሁለተኛው እርጅና ነው። ቢራ ሲታሸግ ጥቂት ኦክስጅን አብሮ መግባቱ አይቀርም፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ቀስ በቀስ ቢራውን ይለውጠዋል። ምሬቱ ይደበዝዛል፤ በምትኩ የከረመ ማር፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ሲብስ የረጠበ ካርቶን ሽታ ይመጣል። እንዲህ ያለው ለውጥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍና ከዚያ በላይ ይፈጥናል። ቢራው የመጣበትን መንገድ አስቡት፤ በመርከብ ቀይ ባሕርን፣ ከዚያ ጅቡቲ ወደብን፣ ከዚያ በጋላፊና በሚሌ የአፋርን በረሃ በብረት ኮንቴይነር ውስጥ። ጠማቂው በ10 ዲግሪ ወራት ታግሦ የሠራውን ፀሐይ በሳምንታት ታፈርሰዋለች። ቆርቆሮው ግርጌ የታተመው የመጠቀሚያ ቀን አላለፈም ነበር። ቀኑ ግን ስለ ሙቀቱ የሚነግረን ነገር የለም።

በአረንጓዴ ጠርሙስ የመጣ ቢሆን ሌላም ጣጣ ነበር። ብርሃን ከቢራው መራራ ቅመም ጋር ሲገናኝ በጥቂት ደቂቃ የሚከረፋ ነገር ይፈጥራል፤ ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴው ያሳልፋል። ቆርቆሮ ይህ ዕዳ የለበትም። ከውጭ የመጣ ቢራ የምትገዙ ከሆነ፣ መልኩ ባያምርም ቆርቆሮውን ምረጡ።

ሦስተኛው ጉንጭ ላይ እማማ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ብቅሉ በዝቶ ጌሾው አንሷል።»

ይህም ትክክል ነው። የፈረንጅ ቢራ ጌሾ የለውም፤ በምትኩ ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ይገባበታል። ሁለቱ የተለያየ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ያመርራሉ፣ ቢራውን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታሉ። ጠንካራ ላገር ጠማቂዎች፣ በተለይ ለቆርቆሮ ገበያ የሚጠምቁት፣ ሆፑን ይቆጥባሉ፤ ምሬት ሲበዛ የአልኮሉ ንዳድ ይብሳል ብለው ይሰጋሉ። ያ ጥቂቱም ምሬት በረሃ ላይ ደበዘዘ። የቀረው ጣፋጩ ብቻ ነው። ጠላ ላይ ብቅሉ ቢበዛ ጌሾውም ኮምጣጤውም አለ፤ ጣፋጩን የሚቆርጥ ነገር አይጠፋም። እዚህ ግን ጣፋጩን የሚቃወም አልነበረም። አራተኛው ጉንጭ ላይ እኔም ሰለቸኝ።

«ያሰክራል?» አሉ።

ቁጥሩን ነገርኳቸው። ከግማሽ ሊትሩ ውስጥ 45 ሚሊ ሊትሩ ንጹሕ አልኮል ነው፤ በክብደት 35 ግራም ይሆናል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የአገር ቢራ፣ 5 በመቶ ብንለው፣ 13 ግራም አለው። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነውና ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በአማካይ 12 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ይህች አንዲት ቆርቆሮ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጠርሙስ ቢራ ናት፤ ሦስት ጣሳ ጠላም ናት። አደገኛነቷ እንደ አረቄ ስለማታስጠነቅቅ ነው። አረቄ ገና ከንፈር ላይ «ተጠንቀቅ» ይላል። ይህ ግን ጣፋጭ ነው፣ አረፋ አለው፣ እንደ ቢራም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። አረፋውን የሚያነሣው ጋዝም አልኮሉ ከሆድ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ ሊያፋጥን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። 21 የሞላው ሰውም ቢሆን እራቱን ሳይበላ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ባይከፍት እመክራለሁ።

እማማ ግን፣ ቆርቆሮው የበላውን ብቅል ስነግራቸው፣ ከስካሩ ይልቅ እህሉ አሳሰባቸው። «መቶ ሃምሳ ግራም ስንት ነው?» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ፤ ሁለት ጭብጥ ግድም። «ለአንዲት ቆርቆሮ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክንያት አላቸው፤ ሰቆጣ ስሟ በመላው አገር ከሚጠራባቸው ነገሮች አንዱ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የተገባ ቃል። ዝናብ በቀረ ዓመት እዚህ መጀመሪያ የሚቋረጠው ጠላ ነው፤ ጋኑ ይደፋል፣ እህሉ ለእንጀራ ይተርፋል።

«ገብሱስ የየት አገር ነው?» ሌላው ጥያቄያቸው ነበር።

የአውሮፓ፣ አልኩ። ግን መልሱ ያን ያህል አጭር አይደለም። ገብስን የሚያጠቃ፣ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል የሻጋታ በሽታ አለ። (ዋግ በአማርኛ ሌላ የሰብል በሽታ፣ ዝገት መሰሉ፣ ስም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከአገሩ ስም ጋር መግጠሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) የአውሮፓ ገበሬ በዚህ ሻጋታ ሲማረር ኖሯል። በ1937 እና 1938 እ.ኤ.አ.፣ አገራችን በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ነባር ገብስ ውስጥ ሻጋታውን የሚመክት ዘረ መል ተገኘ። ከእሱ የተዳቀለው የመጀመሪያ ዝርያ «አቴም» በ1979 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ ለገበሬ ቀረበ። ዛሬ በአውሮፓ በጸደይ ከሚዘሩት የገብስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ይህን የኢትዮጵያ ዘረ መል የተሸከሙ ናቸው፤ የጸደይ ገብስ ደግሞ የቢራ ብቅል ዋና ምንጭ ነው። የያዝኩት ቆርቆሮ ከእነሱ መጣ ብዬ መማል አልችልም። ቢመጣ ግን አይገርመኝም። አባቶቻችን በማንም ሳይታዘዙ መርጠው ያቆዩት ዘር በፈረንጅ ቆርቆሮ ታሽጎ በውጭ ምንዛሪ ሲመለስ ዋጋው ላይ ቅር ቢለኝ አይፈረድብኝም።

ይህን ስነግራቸው እማማ አልተደነቁም። «ታዲያ ገብሱ የእኛ ከሆነ ጌሾውንም ለምን አልወሰዱት?» አሉ።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው። ቢራው መጥፎ አይደለም፤ በአግባቡ ተጠምቋል፣ በመንገድ ተጎድቷል። ከአሥር አምስት እሰጠዋለሁ። በተጠመቀበት ከተማ፣ አዲስ ሳለ ቢሆን ሰባት ባገኘ ነበር። በቀረበልኝ የእማማ ጠላ ላይ ነጥብ ልስጥ አልልም፤ በእንግድነት የጠጡትን መመዘን ነውር ነው።

ከግማሽ ሊትሩ የተረፈው ብርጭቆ ውስጥ አድሮ አረፋው ሞተ። ጠዋት ልሰናበት ስመለስ እማማ አተላው ላይ ደፍተውት አገኘሁ። አህያዋ በልታ ጨርሳ ጣሳውን ትልስ ነበር።